ከድንጋዩ ሠላሳ ኪሎ ሜትር

እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ላይ የሚሰማኝ ስለማይኖር ነው።

ከኦዶን ጋር ቡዳፔስት ውስጥ በአንድ ጽሕፈት ቤት፣ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተያይተን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተናል። ሥራችን የአውሮፓን ዋና ከተሞች ከነዙሪያቸው ማወዳደር ነበር። ከተማውን ማን ያዛል፣ ዙሪያውን ማን ያዛል፣ ባቡሩ የማን ነው፣ ቆሻሻው በማን ደጅ ይደፋል? ይህን ስናገር ሰው ያዛጋል። ያዛጋ! ባቡሩ ደጁ ሳይቆም ጥሎት ያለፈ ቀን ማዛጋቱን ይተውና መጮህ ይጀምራል፤ ያኔ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ኦዶን ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። የድሮ ካርታ ሠሪ ነው፤ ኮምፒውተር ከፊቱ ተገትሮለት በእርሳስ የሚጽፍ፣ ፊደሉ ደግሞ ከታተመው የሚያምር። አንድ አመል ነበረው። ያላለቀ ስሌት አያወራም። «ያላለቀ ነገር በአፍ ከወጣ ይበላሻል» ይላል፤ ብታርዱት አይናገርም። እኔ ሳሮልታ እባላለሁ፤ ያን ጊዜ ሃምሳ ሁለት ሞልቶኛል፤ ቃለ ጉባኤ የምይዝ፣ ሰንጠረዥ የምሞላ፣ ምላሴ ትንሽ የሚረዝም ሴት ነኝ። አለቃችን ዶክተር ካሚላ ከሁለታችንም በዕድሜ ታንሳለች። ከመጀመሪያው ገጽ አልፋ አታነብም። «አንድ ገጽ ያልበቃው ሰው የሚለው የለውም» ትላለች፤ እኛም ይህን ለምደን የምንፈልገውን ሁሉ አንደኛው ገጽ ላይ መጠቅጠቅ ተምረናል። ከኦዶን በስተቀር።

በዚያ ዓመት የያዝነው አምስት ከተማ ነበር፤ ቪየና፣ ፕራግ፣ ዋርሶ፣ ኮፐንሃገንና የእኛዋ። ጭቅጭቁ ገና ከደጃፉ ጀመረ። ቪየና ከተማም ናት፣ ራሷን የቻለች ክልልም ናት፤ ማንንም አታስፈቅድም። ፕራግን የከበበው ክልል ሌላ አለቃ አለውና ሁለቱ ተኮራርፈው ይውላሉ። ኮፐንሃገን እንደ እጅ ጣት ተዘርግታ በየጣቷ ላይ ሌላ ከንቲባ ተቀምጦባታል። የእኛዋና ዙሪያዋማ ተፋትተው በአንድ ግቢ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው፤ በሩን ማን ይዝጋ ብለው ሲጣሉ ሌባ ገብቶ ይወጣል። ታዲያ የቱ ከየቱ ጋር ይወዳደር? ካሚላ መላ አመጣች። ለሁሉም ከመሐል ከተማው ተነሥቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ ክብ ይሣልለት፣ በክቡ ውስጥ ያለው ብቻ ይቆጠር አለች። መሐሉን እያንዳንዱ ከተማ ራሱ መርጦ በቃለ ጉባኤ ያስፍር ተባለ። የእኛን ሦስታችን ተቀምጠን መረጥን፤ ከማዘጋጃ ቤቱ በር ይለካ አልን። በሰማያዊ እስክሪብቶ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ክቡን የሣለው ኦዶን ነው። የሣለው ግን ከማዘጋጃ ቤቱ አልነበረም።

በሰንሰለት ድልድዩ ጫፍ፣ ከወንዙ በስተ ምዕራብ በቡዳ በኩል፣ ዜሮ የሚባል ድንጋይ ቆሟል። የአገሩ መንገድ የሚለካው ከእሱ ነው። የቡዳፔስት ልጅ «ቤትህ ምን ያህል ይርቃል?» ስትሉት ሳያስበው ከድንጋዩ ቆጥሮ ይነግራችኋል፤ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው። ኦዶንም ኮምፓሱን ሲያነሣ እጁ ራሱ ድንጋዩ ላይ አረፈ። ማዘጋጃ ቤቱ ከወንዙ ማዶ፣ በምሥራቁ በፔሽት በኩል ነው ያለው፤ በሁለቱ መካከል ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። እኔም አየሁት፣ ካሚላም አየችው፣ ሦስት ወር ሙሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማናችንም ልብ አላልነውም። ሌላ አገር ሰው ይህን አይሳሳትም። የምንሳሳተው እኛ ብቻ ነን።

ለወረቀት ንጽጽር አንድ ኪሎ ሜትር ምን ይጎዳል? ምንም። ካርታው ግርጌ ላይም «ለንጽጽር ብቻ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ከትራንስፖርት ሚኒስቴሩ አንድ ሰው ካርታውን ወሰደው። ወደዱት! ክብ ነገር ማን ይጠላል። ግርጌውን ቆርጠው ጣሉና ደንብ አደረጉት። በክቡ ውስጥ ያለ ጣቢያ ሁሉ በየሰዓቱ ባቡር ያገኛል፤ ከክቡ ውጭ ያለ ትንሽ ጣቢያ በዲሴምበር፣ የጉዞ ሰሌዳው ሲለወጥ፣ ይዘጋል። ረቂቁ ደረሰን፤ የሚፈረመው በመጪው ሳምንት ዓርብ ነበር።

የኦዶን መንደር ቴግላፑስታ በምሥራቅ ነው። ከድንጋዩ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ከስድስት መቶ ሜትር። ውጭ።

ሴት ልጁ ቦርባላ ማየት የተሳናት ናት፤ ከተወለደች ጀምሮ። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ከተማ ውስጥ ሆስፒታል ወገብና አንገት የምታሽ ባለሙያ ናት፤ ወረፋዋ የሁለት ወር ነው ይባላል። ያንን ባቡር በእርምጃ ታውቀዋለች። ከቤታቸው በር እስከ ጣቢያው ሁለት መቶ አሥር እርምጃ፣ ከተማው ኬሌቲ ጣቢያ ስትወርድ ከሦስተኛው በር እስከ ትራሙ ሰማንያ አምስት። ብቻዋን ትሄዳለች፣ ብቻዋን ትመለሳለች፤ ማንም ክንዷን አይይዛትም። ኦዶን ይህን ለመገንባት ሃያ ዓመት ፈጅቶበታል፤ እየተከተላት፣ እየተደበቃት፣ ስትወድቅ እንዳይሮጥ ምሰሶ ጨብጦ እያለቀሰ። ጣቢያው ከተዘጋ አራት ኪሎ ሜትር በአውራ ጎዳና ዳር፣ በከባድ መኪና መካከል ሄዳ በቀን ሁለቴ የሚያልፍ አውቶቡስ መጠበቅ ነው። ያ ደግሞ ማየት ለተሳነው ሰው አይሆንም። ሥራዋን ትታ ቤት ትቀመጣለች፤ አለበለዚያ ከአባቷ ተለይታ ከተማ ውስጥ በማደሪያ አልጋ ትይዛለች።

ረቂቁ የደረሰ ዕለት ኦዶን ምሳውን አልበላም። ሐሙስ ምግብ ቤት ውስጥ አጠገቤ መጥቶ ሲቀመጥ ግን ፊቱ በርቶ ነበር።

«ሳሮልታ፣ ተሳስቻለሁ!» አለኝ። ሰው «ተሳስቻለሁ» ሲል እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም።

«ምኑን?»

«ከድንጋዩ ነው የለካሁት! እንደ ሞኝ፣ እንደ ታክሲ ነጂ ከድንጋዩ! አንቺ እኮ ማዘጋጃ ቤቱ ብለሽ ጽፈሻል። ክቡ ወደ ቦታው ሲመለስ ወደ ምሥራቅ ይገፋል፣ ቴግላፑስታ ውስጥ ይገባል። አምስት መቶ ሜትር ተርፎት ይገባል!»

«እሰይ!» አልኩት። አፌ ነው ያለው። ሆዴ ሌላ እያሰላ ነበር።

እኔ የምኖረው በምዕራብ ነው፣ ናጅሃርሽ። ከባሌ ስፋታ ያለኝን አሟጥጬ የገዛኋት ቤት እዚያ ናት፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ የቼሪ ዛፍ፣ ከጣቢያው አምስት ደቂቃ። መኪና አልነዳም፣ ጉልበቴም ደህና አይደለም። ናጅሃርሽ ከድንጋዩ ሃያ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ከአራት መቶ ነው። ክቡ ወደ ምሥራቅ ከተገፋ ከማዘጋጃ ቤቱ ሠላሳ ከአምስት መቶ ይሆናል። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ ማለት ነው። ሾርባው አፌ ውስጥ ቀዘቀዘ።

«ሌላም ነገር አለ፤» አለ ኦዶን። «ግን ስሌቱ አላለቀም። ቅዳሜና እሑድ እጨርሰውና ማክሰኞ በስብሰባው ላይ ለሁላችሁም በወረቀት አድላለሁ።»

«ምንድነው? ንገረኝ እንጂ!»

«አሁን ካወራሁት ይበላሻል። ማክሰኞ ታዪዋለሽ። አይዞሽ አንቺ!» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

አይዞሽ ያለኝ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረኝም፤ ስለ ቼሪ ዛፌ ነበር የማስበው።

ማክሰኞ የአምስቱ ከተማ ሰዎች እኛ ዘንድ ተሰበሰቡ። የስብሰባ ነገር ሲሆን ፖጋቻ የሚባል ጨው ያለው ትንሽ ዳቦ ይቀርባል፤ ያን ዕለት ያመጣው ኦዶን ነው፣ ቦርባላ የጋገረችውን፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ። አዲስ ክራቫት አስሮ ነበር። ለየሰዉ ሦስት ሦስት ቅጠል ወረቀት አደለ፤ በእርሳስ የተጻፈ፣ በማባዣ የተባዛ። ካሚላ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ አንሥታ ወደ እኔ ዞረችና «ይህን ከሙዚየም ነው ያመጡት?» አለችኝ፤ እሱ እየሰማ።

ኦዶን ተነሥቶ ተናገረ፤ ለእንግዶቹ በእንግሊዝኛ የምተረጉመው እኔ ነበርኩ። አጭር ነበር። ክቡን የሣልኩት እኔ ነኝ፣ ከተስማማንበት ቦታ አልለካሁም፣ ተሳስቻለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው፣ ዓርብ ከመፈረሙ በፊት ለሚኒስቴሩ እንላክ አለ። ቀጥሎም «በሦስተኛው ገጽ ላይ ደግሞ ማንንም የማይጎዳ...» ብሎ ሲጀምር ካሚላ እጇን አነሣች።

ከቪየና የመጣው ኖርቤርት የሚባል ቀጭን ሰው ነው። እኛ ኦስትሪያዎችን አማቾቹ ነው የምንላቸው፤ አማች ደግሞ ጉድህን ሲያገኝ እንዴት እንደሚደሰት ታውቃላችሁ። መነጽሩን ገፋ አድርጎ «ይቅርታ፣ ቡዳፔስት ከየት እንደለካች አታውቅም ማለት ነው?» አለ። የዋርሶዋ ሴት ሣቋን በፖጋቻ አፈነችው።

ካሚላ ከአንገቷ ጀምሮ ቀላች። ሦስት ወር ሙሉ ይህን ካርታ ይዛ በየአዳራሹ ስትመጻደቅ ኖራለች፤ ሚኒስትሩ ራሱ አመስግኗታል። በአማቾቹ ፊት እንዴት ተሳስተናል ትበል? ፈገግ አለችና ወደ ኦዶን ዞረች። ሌላ ጊዜ አንተ ነበር የምትለው።

«ጋሽ ኦዶን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቤትዎ የት ነው?»

«ቴግላፑስታ።»

«ቴግላፑስታ በአሁኑ ክብ ውስጥ ነው ውጭ?»

«ውጭ ነው። ግን...»

«በአዲሱ ክብዎስ?»

ኦዶን ወረቀቱን አገላበጠ። ጆሮው ቀላ።

«ውስጥ ነው አይደል?» አለች ካሚላ፣ በሚያባብል ድምፅ። ከዚያ ለእንግዶቹ በእንግሊዝኛ ተረጎመችላቸውና ጨመረችበት፤ «አያችሁ፣ የእኛ አገር ክብ እግር አለው። ሽማግሌ ሲሥለው ወደ ሽማግሌው ቤት ይሄዳል።»

ሣቁ። ሁሉም ሣቁ፤ እውነቱን ልናገር፣ እኔም ጥርሴን አሳየሁ። ኦዶን ሣቁ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ «ቃለ ጉባኤ አለ» አለ። «ሳሮልታ ጽፋዋለች። ማዘጋጃ ቤቱ በር ነው የሚለው። ሳሮልታን ጠይቋት።»

ካሚላ ወደ እኔ ዞረች። እሷም ምን ተብሎ እንደተጻፈ ታውቃለች። ዓይኗ ግን ምንም አላለኝም፤ አላዘዘችኝም፣ አላስፈራራችኝም። ይህን የምናገረው ማንም ገፋፋት እንዳትሉ ነው።

«ሳሮልታ፣ ደብተሩ አንቺ ዘንድ ነው። ከየት ይለካ ነበር ያልነው?»

ደብተሩ ፊቴ ላይ ነበር። ገለጥኩት። ገጹን አገኘሁት። የራሴን እጅ ጽሑፍ አየሁት፤ ማዘጋጃ ቤት ይላል፣ ሁለት ጊዜ ተሠምሮበታል። ኦዶን ዓይኑን በእኔ ላይ ተክሎ እንደ ልጅ ያየኛል። ከራስ በላይ ነፋስ ይባላል፤ የተባለውም በከንቱ አይደለም።

«ከዜሮው ድንጋይ ነው የሚለው፤» አልኩና ደብተሩን ዘጋሁት።

ኖርቤርት ትከሻውን ነቅንቆ ጻፈው። «እንግዲያስ ችግር የለም» አለ። ኦዶን ዓይኑን ከእኔ አላነሣም። እኔ የት እንደምኖር ያውቃል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቼሪ ማርማላታዬን በልቷል። «የእሷስ ቤት የት ነው?» ብሎ አንድ ጊዜ ቢጠይቅ አለቀልኝ። ጠበቅሁት። አልጠየቀም።

ካሚላ ግን አልጠገበችም። «ስለዚህ ጋሽ ኦዶን፣ ለእንግዶቻችን ምን ይላሉ?»

«ምን ልበል?»

«ቅድም ሲነሡ ያሉትን። ተሳስቻለሁ ነበር ያሉት። ደግመው ይበሉት እስቲ፣ በትክክለኛው ቦታ።»

ኦዶን ክራቫቱን ነካ ነካ አደረገ። «ተሳስቻለሁ» አለ።

«በእንግሊዝኛ።»

በእንግሊዝኛም አለው። የማያውቀውን ቋንቋ እንደ ሕፃን እየተንተባተበ አለው። ከዚያ የመግቢያ ካርዱን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ፤ ማንም አልከለከለውም። ሲወጣ የዋርሶዋ ሴት ፖጋቻው የት እንደሚሸጥ ጠየቀችኝ። ካሚላ ወረቀቶቹን ሰብስባ ቅርጫት ውስጥ ጨመረቻቸው። ሦስተኛውን ገጽ የገለጠ አልነበረም። እኔም አልገለጥኩትም፤ ጽሑፉን ማየት ነበር ያስጠላኝ።

ረቡዕ አልመጣም። ሐሙስ ጠዋት በሩ ተንኳኳና ቦርባላ ገባች፣ ነጭ ዘንጓን ይዛ፣ ካፖርቷ እስከ አገጯ ተቆልፎ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየኋት።

«እትዬ ሳሮልታ አሉ?» አለች ወደ መስኮቱ ዞራ።

«እዚህ ነኝ፣ የኔ ልጅ። በዚህ በኩል።»

«የአባዬን ዕቃ ልወስድ ነው የመጣሁት። ቁልፉንም ላስረክብ። እሱ አልቻለም፤ ተኝቷል። ከማክሰኞ ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ምን እንደሆነ ብጠይቀው አይነግረኝም።»

ዕቃው አንድ ካርቶን ነበር፤ እርሳሶች፣ ኮምፓስ፣ ሹራብ። ሰጠኋት። አልሄደችም። ከቦርሳዋ ሦስት ቅጠል ወረቀት አወጣች።

«ይህን ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት። እሑድ ሙሉ ሲጽፈው የነበረው ነው፣ እርሳሱ ሲፋቅ ሰምቼዋለሁ። ስልኬ የእጅ ጽሑፍ አያነብልኝም። ሆስፒታል ያሉትን እንዳልጠይቅ የቤታችን ጉድ ነው። እርስዎን ግን ሁልጊዜ ያነሣዎታል። ያነቡልኛል?»

እንቢ እንዴት ይባላል? ወንበር ሰጠኋትና ማንበብ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ገጽ ስሕተቱ ነው። ሁለተኛው ገጽ ስሌቱ ነው። ሦስተኛውን ገለጥኩ።

ለአምስቱም ከተማ ክቡ ከሠላሳ ወደ ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር ይስፋ ይላል። የአምስቱንም ቁጥር ራሱ እንደገና ሠርቶታል፤ የቪየናን፣ የፕራግን፣ የሁሉንም፣ በሁለት ቀን፣ በእርሳስ። የማንም ደረጃ አይለወጥም። ከሥር እንዲህ ብሎ ጽፏል፤ «ክቡ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሲመለስ በምዕራብ የሚወጣ ጣቢያ አለ። ያለ ጥፋቱ ነው የሚወጣው። ክቡ ቢሰፋ ሁለቱም ይድናሉ። የሚድኑት፦ ቴግላፑስታ፣ ናጅሃርሽ።» የእኔን ከሥሩ አሥምሮበት ነበር።

አይዞሽ ያለኝ ይህን ይዞ ነው። ደሜ ወደ ፊቴ ወጣ፤ አፈርኩ እንዳትሉ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ምናለ በአፉ ቢነግረኝ! ምን ዓይነት ግትር ሰው ነው ሰውን ሊያድን እያለ ዝም የሚል?

«ምነው ዝም አሉ?» አለች ቦርባላ።

«ጽሑፉ ደቃቃ ነው።» ጉሮሮዬን ጠረግሁና አነበብኩላት። ክቡ ይስፋ የሚለውን አነበብኩ። ቁጥሩን አነበብኩ። «የሚድኑት፦ ቴግላፑስታ...» ብዬ ቆምኩ።

«ሁለት ናቸው» አለች። «እሑድ ማታ እራት ላይ፣ ጨርሼዋለሁ፣ ሁለት ጣቢያ አዳንኩ ብሎኝ ነበር። ሌላው ማነው?»

አጠገቤ ማንም የለም። የምታነጋግረኝ ልጅ ወረቀቱን አታይም። «ኪሽማሎም» አልኩ። በሰሜን ያለ አንድ መንደር ነው፣ ለምን እሱ አፌ ላይ እንደመጣ አላውቅም።

«ኪሽማሎም፤» አለች ቀስ ብላ። «እነሱም እንደኛ ቀሩ በሉኛ። ያሳዝናሉ። እዚያም የሚጠብቅ ሰው ይኖር ይሆናል።»

«ይኖር ይሆናል።»

«እትዬ፣ የሚፈረመው ነገ ነው አይደል? እስከ ነገ ሊደረግ የሚችል ነገር የለም? አንድ ሰው እንኳ ቢናገር?»

ደብተሩ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ካሚላ ከግድግዳው ማዶ ስልክ ታወራለች፣ ድምፅዋ ይሰማል። ደብተሩንና ሦስተኛውን ገጽ ይዤ ልግባ፤ አንድ ቃል ነው። ቴግላፑስታም ይድናል፣ ናጅሃርሽም ይድናል፣ ምንም አይጎድልብኝም። ውሸታም መሆኔ ብቻ ይታወቃል። በአማቾቹ ፊት፣ በካሚላ ፊት፣ በእሱ ፊት።

«የለም የኔ ልጅ፤ አልቋል» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ወረቀቱን አጣጥፋ ያዘች፣ ስትነሣም እጇ ትከሻዬን አገኘው። ጣቶቿ እዚያው ቆሙ፤ የሙያዋ ነገር ነው። «ውይ፣ እንዴት ተወጥሯል! ስለ አባዬ አስበው ነው አይደል? አንድ ቀን ይምጡ፣ ያለ ወረፋ አሽልዎታለሁ።»

አመሰገንኳት። እስከ ሊፍቱ ድረስ ሸኘኋት።

ዓርብ ጠዋት ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ። ኦዶን ነው። ድምፁ ከእንቅልፍ እንደተነሣ ሰው ይጎረብጣል።

«ለቦርባላ አንብበሽላታል አሉ። እግዜር ይስጥሽ።»

«ምን አደረግሁ ብለህ፣ ተው እንጂ። እንዴት ነህ?»

«ሳሮልታ፣ ሁለተኛው ጣቢያ ኪሽማሎም ነው አለችኝ።»

የካፖርቴን ቁልፍ መፍታት ጀመርኩ።

«ማክሰኞ ነገሩን አልጠረጠርኩትም ነበር» አለ። «ደብተሩን ስታይ ተደናግጠሽ ይሆናል፣ ካሚላን ፈርተሽ ይሆናል እያልኩ ለሦስት ቀን ስሟገትልሽ ነበር። ለልጄም ስምሽን በክፉ አላነሣሁባትም። አሁን ግን ማየት ለማትችል ልጅ የራስሽን መንደር ስም ደብቀሽ አነበብሽላት። ታዲያ ማክሰኞም ታውቂው ነበር ማለት ነው።»

«ኦዶን...»

«እስከ ከሰዓት በኋላ አይፈረምም፤» አለ። ልመና አልነበረበትም፤ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነው ያለው። «ካሚላ ቢሮዋ ናት?»

ናት። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ፖም እየላጠች ትታየኛለች። ቀና ብላ «ማነው?» አለችኝ።

«ማንም አይደለም፤ ተሳስተው ነው የደወሉት» አልኩና ስልኩን ዘጋሁት።

ከሰዓት በኋላ ተፈረመ። ካሚላ ፓሊንካ የሚባለውን የፍራፍሬ አረቄ ከፈተች፣ እኔም ጠጣሁ። የማታው ባቡር ከዴሊ ጣቢያ በሰዓቱ ተነሣ፣ የመስኮት ወንበር አገኘሁ። ናጅሃርሽ ላይ ቆመ፤ ወረድኩ።